የአርዶይን ትንንሽ ፈላስፎች

ከቤልፋስት መሃል ከተማ ተነስቼ የክራምሊንን መንገድ ሽቅብ ተያያዝኩት። እ.ኤ.አ. በ1996 የተዘጋውንና ዛሬ ጎብኚ የሚመላለስበትን አሮጌ እስር ቤት አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ፣ የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን መንትያ ማማዎች ብቅ አሉ። አርዶይን ደርሻለሁ።

ይህ የካቶሊኮች ሰፈር የሰሜን አየርላንድ ግጭት ክፉኛ ካደቀቃቸው አንዱ ነው። በ1998 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንኳ፣ በ2001 የሴቶቹ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስድብና ድንጋይ እየወረደባቸው በፖሊስ ታጅበው ነበር ትምህርት ቤት የሚገቡት። እኔን እዚህ ድረስ ያመጣኝ ግን የወንዶቹ ትምህርት ቤት ነው። በ2021 ስለዚሁ ትምህርት ቤት የተሠራውን ‹ያንግ ፕላቶ› የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የኤልቪስ አፍቃሪ የሆነው ርዕሰ መምህር ኬቨን ማካሪቪ ሕፃናቱን ፍልስፍና ያስተምራል። ሮማዊው ሴኔካ ስለ ቁጣ ያነሳው ጉዳይ፣ በእረፍት ሰዓት ለተደባደቡ ልጆች የዕለት ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል፦ ንዴትን በሌላ ሰው ላይ መወጣት ተገቢ ነውን?

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ትዕይንት አለ። ርዕሰ መምህሩ የአንድ ተማሪ አባት ሆኖ ይተውናል፤ ‹‹አባት›› ከመቱህ መልሰህ ምታ ባይ ነው። ልጁ አባቱን ሳያዋርድ፣ ምክንያቱን እያስረዳ፣ ለምን እንደማይስማማ መናገር አለበት። ቃላቱን ሲፈልግ ፊቱ ላይ የሚታየው ትግል ያስደንቃል። ጠብ በኖረበት ሰፈር ከዚህ የከበደ የቤት ሥራ አላውቅም።

ይህ ሁሉ በካቶሊክ ትምህርት ቤት መሆኑ ግር የሚለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ትምህርተ ክርስቶስ መልስ ያስጠናል፣ ፍልስፍና ግን ይጠይቃል ብሎ። እኔ ተቃርኖ አይታየኝም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ታላቅ ሊቅ ቶማስ አኲናስ ራሱ በዋና ሥራው የእያንዳንዱን ጉዳይ ትንተና የሚጀምረው ጥያቄ አንስቶ፣ የተቃዋሚዎቹን መከራከሪያ አስቀድሞ በመዘርዘር ነው። የራሱ መልስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአርዶይን ልጆችም ሌላውን ማድመጥ የሚለማመዱት በዚሁ ጥንታዊ መንገድ ነው።

በሠፈሩ ጠባብ መንገዶች ስዘዋወር ቀይ የጡብ ቤቶቹን አንድ በአንድ እያየሁ አለፍኩ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ፣ እራት ላይ፣ ልጅ ከአባቱ ጋር በአክብሮት ሲከራከር ተቀምጬ ብሰማ ምንኛ ደስ ባለኝ!