የኅዳር ጢስ ከእንጦጦ ላይ

ኅዳር 12 ቀን በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መጸው ስለ ተጋመሰ ሣሩ ገርጥቷል፤ ባሕር ዛፉም በነፋስ ይንሿሿል። ቁልቁል ስመለከት አዲስ አበባ በጢስ ተሸፍናለች፤ በየደጃፉ የተጠረገው ቆሻሻ ይቃጠላልና።

ይህ ልማድ በ1911 ዓመተ ምሕረት የደረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። በሽታው ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በከተማችን ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ ቀባሪ እስኪታጣም ደርሶ ነበር።

አያቴ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በየዓመቱ እሳቱን ከለኮሱ በኋላ፣ በበሽታው ያለቁትን ወንድሞቻቸውን በየስማቸው ይጠሩ ነበር። እኔና ባልንጀራዬ ግን የስሙን ጥሪ ከቁም ነገር ሳንቈጥር፣ በጢሱ መካከል እየተሯሯጥን እንስቅ ነበር።

ዛሬ አያቴም ባልንጀራዬም በሕይወት የሉም። የጢሱ ሽታ ተራራው ድረስ ሲመጣ፣ የሁለቱን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ።

ከዚያም ወርጄ የባልንጀራዬን እናት ልጠይቅ ሄድሁ። እርሳቸው በደጃፋቸው ከጠፋው እሳት አጠገብ ቆመው ነበር።

«ዘገየህብኝ ልጄ» አሉኝ፤ «ስሙን ብቻዬን ጠራሁት።»