አንዲቷ ሰዓት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ የመለኪያው ቀስት ወረደ። ባግሃውስ የምንለው የጭስ ማጣሪያ ውስጡ ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ተሰቅለውበታል፤ ግፊቱ ድንገት ከወረደ ከረጢት ተቀዷል ማለት ነው። ሮጬ ወጣሁ። በግቢው መብራት ሥር ግራጫ ጭስ ወደ ሠፈሩ ሲነዳ አየሁት።

ደቡብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በአንድ የብረት ማቅለጫ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። የዚያን አካባቢ አየር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ሳውዝ ኮስት፣ ደንብ 430 የሚባል አለው። መሣሪያ ሲበላሽ፣ ብልሽቱ በታወቀ በ1 ሰዓት ውስጥ ደውለህ ትናገራለህ። መንስኤው ቸልተኝነት ወይም የጥገና ጉድለት ካልሆነ፣ የተጀመረው ሥራ እስኪያልቅ ወይም ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታረመ፣ ከቅጣት ትድናለህ። የጽሑፉ ሪፖርት ከጥገናው በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስረዳው እኔው ነበርኩ!

አብሮኝ የሚያድር የደሴ ሰው ነበር፤ በዕድሜ አባቴን ያህላል። "ልጄ፣ ደውልላቸው። ምድጃውንም አሳርፈው" አለኝ።

"ቆይ እስቲ ጋሼ፣ አሁን እቀይረዋለሁ" አልኩት።

አሁን የሚባል ነገር የት አለ? ማጣሪያው እንደ እሳት ይጋረፋል፤ ሳይበርድ አይገባበትም። መፍቻ ይዤ ስዞር 9 ሰዓት ከ10 ሆነ። የእጅ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ በኋላማ ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። አሁን ብደውል "እስካሁን የት ነበርክ?" ቢሉኝ ምን እላለሁ? አንዷን ሰዓት ያሳለፍኩት በትዕቢት ነው፤ የቀሩትን በፍርሃት። ምድጃው ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብረት ጨመርኩበት። ማንም አላዘዘኝም። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ስልኩንስ ፈራሁ እንበል፤ ብረቱን ምን አስጨመረኝ?

ጎህ ሲቀድ ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉ አሮጊት ቀድመውኝ ደውለዋል። ደንቡ ከለላ ይሰጠን የነበረበት ጊዜ አልፏልና የጥሰት ወረቀቱን ተቀበልን። ድርጅቱ ቅጣቱን ከፈለ፤ ገንዘብ ነው፣ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። አስም ያለበት የልጅ ልጃቸው በረንዳው ላይ መተንፈሻውን ይዞ ተቀምጧል። በመኪናቸው መስታወት ላይ ያረፈውን አቧራ በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ። አልተቆጡኝም።

"ሌሊቱ ሞቃት ስለነበር የልጁን መስኮት ከፍቼለት ነው የተኛሁት" አሉኝ። "አንድ ሰው በሬን ቢያንኳኳ እኮ እዘጋው ነበር።"

ከምድጃው እስከ በራቸው መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው።