ከሥር የሞቀ ውሃ

ስለ ሰሜን ዋልታ ባሕር መጀመሪያ የሰማሁት ኮልፌ ውስጥ ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጅ፣ ያውም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ፣ የአርክቲክ ነገር ከየት ልቡ ገባ ቢሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ የሳይንስ አስተማሪያችን።

ዘመኑ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ሥራው ግን የተሰበረ ዴስክ ማከማቸት ነበር። ቲቸር (ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው) አንድ ቀን ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ጭብጥ ጨውና ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይዘው ገቡ። ጨዉን በቀዩ ውሃ አሟሙተው ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ሞሉት። ከዚያ ማንኪያ ገልብጠው፣ በጀርባው ላይ ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ጨመሩበት። ቀዩ ከታች፣ ንጹሑ ከላይ፣ መሐላቸው ቀጭን መስመር። የጠርሙሱን ግርጌ ላምባ ምድጃ ላይ ከተጣደ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆሙት።

የሞቀ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል ብለን በቃላችን የያዝን ልጆች ቀዩ ሽቅብ እስኪፈስ አፍጥጠን ጠበቅን። ንቅንቅ አላለም። «በሉ ንኩት» አሉን። ታቹ ጣት ያቃጥላል፤ ላዩ ገና ቀዝቃዛ ነው። «ማን ያዘው?» ሲሉ ከኋላ ወንበር አንዷ «ጨው!» ብላ ጮኸች። ያን ዕለት ነው ስለ ናንሰን የነገሩን። ኖርዌጂያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 «ፍራም» የተባለች መርከቡን ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስያዛት፤ ከበረዶው ጋር ስትንሳፈፍ ቴርሞሜትር ወደ ጥልቁ ቢሰድድ ከቀዝቃዛው ውሃ ሥር ከአትላንቲክ የገባ ሞቅ ያለ ውሃ አገኘ። ላዩ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ፣ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ዝቅ ሲሉ ከዜሮ በላይ። ጨው ስለበዛበት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሞቆም ከታች ይቀራል።

አጎቴ የጨው መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ከተዘጋ በኋላ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ይመላለስ ጀመር፤ አጠና ተራ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ልብሱ ጨው ጨው ይላል። «አንተ ልጅ፣ ሐይቁ ዳር ፍል ውሃ አለ፤ ገላችንን የምንታጠበው እዚያ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የምጠይቀው ግን «ጋሼ፣ ታቹስ ይሞቃል?» ነው። ሳቁ እስካሁን ይሰማኛል።

የባሕሩ ውሃ በእርከን መደርደሩን ያየሁት ቆይቶ፣ አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ነው። የአርክቲክ ሙቀት በጥልቀት የተነደፈበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስሎኝ ነበር፤ ደረጃ በደረጃ ነው። ምክንያቱ ሙቀት ከጨው ይልቅ መቶ እጥፍ ያህል ፈጥኖ ውሃ ውስጥ ማለፉ ነው። በሁለት ንብርብሮች መሐል ያለችውን ቀጭን ወሰን ሙቀቱ ያልፋል፣ ጨው ወደኋላ ይቀራል። ከወሰኑ በላይ ያለው ይሞቅና ይነሣል፣ ከበታቹ ያለው ይቀዘቅዝና ይሰምጣል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በራሱ ይማሰላል፣ ወሰኑ ግን አይፈርስም። ብዙዎቹ ከአንድ እስከ አምስት ሜትር ይወፍራሉ፤ አንዱን ይዞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር መከተል ይቻላል። የኮልፌን ክረምት ያለፈ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ጋቢ የሚያሞቀው አራት ድርብ ስለሆነ ነው። በባሕሩ ድርቦች ሾልኮ የሚወጣው ሙቀት በካሬ ሜትር አንድ ዋት እንኳ አይሞላም፤ በረዶው የሚተርፈውም በከፊል በዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከናንሰን ይልቅ የደነቀኝ ጎረቤታችን ነው። ሩዋንዳና ኮንጎ የሚጋሩት ኪቩ ሐይቅ ከሥሩ ጨዋማ ሙቅ ምንጭ ይገባበታል፤ ተመራማሪዎች በውስጡ ከ300 በላይ እርከን ቆጥረዋል። ቀይ ባሕርም ሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ፣ በጨው የከበደ ውሃ አለው። ለዚህ ነገር በረዶ ግዴታ አይደለም፤ ጨውና ከሥር የሚመጣ ሙቀት ይበቃል።

አፍዴራና ሻላ ሁለቱም ጨዋማ ናቸው፤ ፍል ውሃም ይገባባቸዋል፤ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገራችሁ የፊዚክስና የጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ ረጅም ገመድና ጥሩ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ውረዱ።