በኪራይ ያነበብነው ወንጀል

በ1980ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ ነበር። አዟሪዎቹ አስፋልቱ ዳር ይዘረጋሉ፤ አንባቢው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በጥቂት ሳንቲም አንብቦ ይመልሳል። ከእጅ እጅ ሲዞር የዋለው ጋዜጣ ማታ ላይ ጠርዙ ተበልቶ፣ እጥፋቱ ነጥቶ ይገኛል። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ፣ ሥራ ፈላጊዎቹም ሳይቀሩ፣ መጀመሪያ የሚያነሱት «ፖሊስና እርምጃው» የተባለውን የወንጀል ዜና ጋዜጣ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፉም። ተጠርጣሪው ይቆማል፤ ተሰረቀ የተባለው ዕቃ ከፊቱ መሬት ላይ ይደረደራል፦ ቴፕ፣ የመኪና ጎማ፣ ብርድ ልብስ። ዕቃው ካለ ሌባው አለ፣ በቃ። ወዲያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ይሄማ መልኩም ይናገራል» ይላል። አንድ ሽማግሌ ግን «ኧረ ተዉ ልጆቼ፣ ሰውየው መች አፉን ከፈተ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ጨዋታ ይናፍቀኛል። ዛሬ ሰው ስልኩ ላይ ብቻውን አንብቦ ሲፈርድ፣ ተው የሚለው ሽማግሌ አጠገቡ የለም።

ዜናው ግን ከፖሊስ አፍ ብቻ የሚወጣ ነበር። መያዙ ይጻፋል፤ ፍርድ ቤት በነፃ ቢያሰናብተው ተከታትሎ የሚጽፍለት እምብዛም አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ሰፈር የሚያስታውሰው ግን ፎቶውን ነው። ፎቶው የወጣበት ሰው ቤት የሚያከራየው፣ ዋስ የሚሆነው ሲያጣ አይቻለሁ፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ባሰ። ኅዳር 2004 «አኬልዳማ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሲተላለፍ በሽብር የተከሰሱት ሰዎች ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነበር፤ ፊልሙ ግን በጥቃት የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ከተከሳሾቹ ምስል ጋር አያይዞ አሳየ። «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ሌላ ዘጋቢ ፊልም የተላለፈው ጥር 2005 ነው፤ ያውም ፍርድ ቤት አግዶት ሳለ። በጉዳዩ የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የሰጡት ቃል ቤታችን ድረስ ገባ። በማግስቱ በየሥራ ቦታው ማስረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም፤ የሚወራው ስንት ዓመት እንደሚገባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ በእነዚህ በ«ጂሃዳዊ ሐረካት» በታዩት እስረኞች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የሰጠው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሰኔ 2007 ነው።