ስለ ሕፃናት መኝታ ክፍል ወለል

ሰው ለልጁ መኝታ ክፍል በሚያዘጋጅበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አልጋው፥ ስለ መጋረጃውና ስለ ብርድ ልብሱ ነው፤ ወለሉን ግን ግንበኛው እንደ ተወው ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ ነቅቶ ሳለ አብዛኛውን ሰዓት የሚውለው ከወለሉ ጋራ ነው። በእርሱ ላይ ይድኻል፥ በእርሱ ላይ መቆም ይማራል፥ ከእርሱ ላይ ፍርፋሪ እያነሣ ይበላል፤ ከአልጋው ቢወድቅም የሚቀበለው እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ ወለል ጥቂት መናገር ለቤተ ሰብ ገጽ የማይገባ ነገር አይመስለኝም።

እኔን ወደዚህ አሳብ ያገባኝ በቤቴ ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ሴት ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል፤ በቅርቡም የአልጋዋን መከታ ተንጠልጥሎ መሻገር ተማረች። በዚያው ክፍል ከእርስዋ ጋራ የሚያድሩት እናቴ ናቸው። እርሳቸውም ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሲሆኑ፥ ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ መጥተው ከእኛ ዘንድ ከተቀመጡ ይህ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፤ ሕፃኒቱም እንዳትነቃ ሲሉ መብራት ማብራት አይወዱም። የክፍሉ ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ሆኖ በላዩ ሴራሚክ የተነጠፈበት ነው። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ መውደቅ የሚያሠጋቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዲቱ ከላይ ወደ ታች ትወድቃለች፥ ሌላይቱ እየሄዱ ሳለ ተሰናክለው ሊወድቁ ይችላሉ። ነገሩንም በመረመርሁት መጠን ለአንዲቱ የሚበጀው ለሌላይቱ የሚጐዳ ሆኖ አገኘሁት።

ባለቤቴ በገበያ ያየችው፥ በልዩ ልዩ ቀለም የተሠራና እንደ ጥርስ እየተጋጠመ የሚነጠፍ የስፖንጅ ንጣፍ እንዲገዛ ፈለገች። እናቴ ግን፥ «ከአገሬ ያመጣሁት ዝተት ሳለ ስለ ምን ገንዘብ ታባክናላችሁ?» አሉ፤ ቀጥለውም እኛን ሰባቱን ልጆች በዐፈር ወለል ላይ እንዳሳደጉንና ካንዳችንም ራስ ላይ ስብራት እንዳልደረሰ አስታወሱን።

የእናቴ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ያ ቤት ከዛሬው ቤት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፥ በእበት የተለቀለቀ የዐፈር ወለል ከሲሚንቶና ከሴራሚክ ይልቅ ጥቂት ይለዝባል። ሁለተኛውና ዋናው ግን በዚያ ቤት ከፍ ብሎ የሚተኛ ልጅ አልነበረም፤ ሁላችንም የምንተኛው በመሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ወይም ዝቅ ባለ መደብ ላይ ነበር። ከቁርበት ላይ የተኛ ልጅ ወዴት ይወድቃል? የሚወድቅ ነገር ይዞት የሚመጣው ጕልበት በከፍታው ልክ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ከ60 ሴንቲሜትር የወደቀ ልጅ ከ20 ሴንቲሜትር ከወደቀው ሦስት እጥፍ ጕልበት ይዞ ወለሉን ይመታል። የዱሮው ቤት ደኅንነት ከወለሉ ልስላሴ ይልቅ ከመኝታው ዝቅታ የመጣ ነበር ማለት ነው።

ስለ ልስላሴም ቢሆን ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ነገር አለ። በሴራሚክ ላይ ስስ ምንጣፍ ነጥፎ ልጁን ከጉዳት እንዳዳነ የሚያስብ አባት ብዙ ነው። የሚወድቅ ልጅ ራሱን የሚጐዳው በድንገት ስለሚቆም ነው፤ ወለሉም የሚረዳው ጥቂት ጐድጐድ ብሎ ቀስ እያለ ሲያቆመው ነው። ወለሉ ራስን የሚያቆመው በ2 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ከሆነ፥ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ከሚያቆመው ጋራ ሲነጻጸር በአማካይ ዐሥር እጥፍ ኀይል ያሳርፍበታል። ስለዚህ ስስ ምንጣፍ ለእግር ሙቀት እንጂ ለራስ መጠበቂያ አይሆንም። ለሙቀት ግን በእውነት ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ፥ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት፥ ባዶ እግሩን በሴራሚክ ላይ የቆመ ልጅ ይህን ያስረዳል። ሴራሚኩና ምንጣፉ በአንድ ክፍል ሲያድሩ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ሴራሚኩ ግን የእግርን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማል።

እንግዲህ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ነገር ይነጠፍ እንዳንል እናቴ አሉ። ያው ለሕፃኒቱ ራስ መድኀኒት የሆነው 2 ሴንቲሜትር ለእርሳቸው እግር ዕንቅፋት ነው። ሰው ሲያረጅ እግሩን ከመሬት ብዙ አያነሣም፤ ሌሊት በጨለማ ሲሄድም የምንጣፍ ጠርዝ ሊጥለው ይችላል። ከዚህም በላይ እግር የረገጠውን መሬት አጥብቆ ካልተሰማው ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ይቸገራል፤ ሐኪሞችም የሰውን ሚዛን ለመመርመር ሲፈልጉ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ያቆሙታል። በሰማንያ ዓመት የተሰበረ የጭን አጥንት ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወለሉን ሁሉ ለስላሳ በማድረግ አረጋውያንን ከጉዳት ለማዳን በካናዳ አገር በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተሞክሮ፥ ውጤቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ታትሞ ነበር፤ ለስላሳ ወለል ባለባቸው ክፍሎች የወደቁትና በተለመደው ወለል ላይ የወደቁት በከባድ ጉዳት ረገድ ልዩነት አልታየባቸውም።

ባለቤቴ ወደ ወደደችው የስፖንጅ ንጣፍ ልመለስ። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲሜትር የሚበልጠው ለሚድኽ ልጅ መልካም መቀበያ ነው። ነገር ግን የቤልጂየም መንግሥት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ንጣፍ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ፎርማሚድ የሚባለው፥ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሊጐዳ ይችላል ተብሎ የተመዘገበው ቅመም፥ ከስፖንጁ እየተነነ ስለ ወጣ ነው። ዛሬ «ፎርማሚድ የለበትም» የሚል ጽሕፈት ያለባቸው ይሸጣሉ፤ እኔ በጠየቅሁባቸው ሱቆች ግን ጽሕፈቱ እውነት መሆኑን የሚያስረዳ ሰው አላገኘሁም። የሚገዛው ሰው ቢያንስ ማሸጊያውን ፈቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በውጭ ነፋስ እንዲያገኘው ያድርግ። ከሽታው ይልቅ እኔን ያሠጋኝ ሌላ ነገር ነው፤ በንጣፉ መካከል ተቈርጠው የሚወጡ ፊደሎችና ቍጥሮች አሉ፥ ልጄም ያገኘችውን ሁሉ በጥርስዋ ትሞክራለች። የተገነጠለ ስፖንጅ በጕሮሮ ቢቀረቀር አደጋ ነው።

በመርካቶ በሜትር እየተለካ የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ በቀላሉ ይታጠባል፥ በማስቲሽ ሲለጠፍም ጠርዙ እግር አይዝም። ልስላሴ ግን የለውም። ፕላስቲኩ እንዲተጣጠፍ ብለው ፍታሌት የሚባሉ ቅመሞች የሚጨምሩበትም አለ፤ የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ እንዳይበልጡ ወስኗል። ሕጉ ስለ መጫወቻ እንጂ ስለ ወለል አይናገርም፤ ወለሉን የምትልስ ልጅ ግን በመጫወቻና በወለል መካከል ያለውን ልዩነት አታውቅም።

ከፕላስቲክ ጋራ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ሊኖሊየም ግን ሌላ ነው፤ ነገሩም ለእኛ አገር ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው፥ መሠረቱ ተልባ ነውና። ፍሬድሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በቀለም ቆርቆሮ አፍ ላይ የተልባ ዘይት አየር አግኝቶ እንደ ቆዳ ሲረጋ አይቶ፥ ከዚህ የወለል ንጣፍ ማበጀት እንደሚቻል ተረዳ፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የረጋው የተልባ ዘይት ከዛፍ ሙጫ፥ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት ጋራ ተለውሶ እንደ ኬሻ ባለ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። ስሙም የተልባ ዘይት ማለት ነው። እናቴ ይህን ሲሰሙ ተልባ ለሆድ ሲሆን አውቃለሁ፥ ለእግር መሆኑን ግን አሁን ሰማሁ ብለው ሳቁ። ንጽሕናውና ጥንካሬው የተመሰገነ ነው፤ ውፍረቱ ግን ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ በሴራሚክ ላይ ቢለጠፍ የሕፃን ራስ አያድንም።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚለጠፈውን ሞኬት ባንድ ነገር ምክንያት ከአሳቤ አወጣሁት። ልጅ የምትሸናበት፥ ወተት የምታፈስበት ነገር ተነሥቶ ፀሓይ የማያገኝ ከሆነ እኔ በቤቴ አልፈልገውም። በባላገር ያደገ ሰው ሁሉ ቁንጫን ያውቃል። የቁንጫ ዕንቍላል ከእንስሳው ጠጉር ላይ እየረገፈ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ትሉም በምንጣፍ ሥርና በወለል ስንጥቅ ባለው ትቢያ ውስጥ እየተመገበ ያድጋል፤ ከዚያም በኋላ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ የሰው ኮቴ እስኪያናውጠው ድረስ ብዙ ሳምንት ሊቈይ ይችላል። ትሉ ፀሓይንና ድርቀትን አይችልም። ዝተት የሚራገፍና በአጥር ላይ የሚሰጣ በመሆኑ ከሞኬት የሚበልጠው በዚህ ነው። ሁለተኛም ከበግ ጠጉር የተሠራ ስለ ሆነ እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ስፖንጅ ግን ቶሎ ይቀጣጠላል፥ ጭሱም መርዝ ነው። እኔ ለማንኛውም የከሰል ማንደጃ ወደዚያ ክፍል እንዳይገባ ከልክያለሁ፤ ቡናው በሳሎን ይፈላል። ዝጉ በሆነ ክፍል የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላልና፥ ይህን ክልከላ እናቴም አልተቃወሙም።

በመጨረሻ የፈጸምነው እንዲህ ነው። አናጢ ጠርቼ የሕፃኒቱን አልጋ እግር አስቈረጥሁ፤ 55 ሴንቲሜትር የነበረው ከፍታ 20 ሆነ። አልጋውን ከበሩ ርቆ ወደ ማዕዘን አስገባነው፥ መውደቂያው አንድ ጐን ብቻ እንዲሆን። በዚህ ጊዜ አልጋው ግድግዳውን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ በመካከል የልጅ ራስ ወይም ደረት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ከመውደቅ የከፋ አደጋ ነው። በክፍቱ ጐን፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ፥ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ አስቀመጥን፤ የእናቴን ዝተት ባለቤቴ እንደ ትራስ ልብስ ሰፍታ አለበሰችው፥ ስፖንጁ በልጅቱ ጥርስ እንዳይገኝና ዝተቱም ወልቆ እንዲሰጣ። አንዱን ዳር የአልጋው እግሮች ረግጠው ስለሚይዙት አይንሸራተትም።

የእናቴ አልጋ ግን ወደ በሩ ተጠጋ። ከአልጋቸው እስከ በሩ ያለው መንገድ ምንም ጠርዝ እንዳይኖረው፥ ፊቱ ሻካራ የሆነ ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በማስቲሽ አስለጠፍሁ፤ የማስቲሹ ሽታ እስኪወጣ መስኮቱን ከፍተን ሁለት ሌሊት ሁለቱንም በሌላ ክፍል አሳደርናቸው። የዝተቱ ጥቁረት በነጩ ሴራሚክ ላይ ከሩቅ ስለሚታይ የደከመ ዓይን እንኳ አይስተውም። በግድግዳው ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራትም ገዛሁ፤ እናቴ አስቀድመው እንቢ ብለው ነበር፥ በኋላ ግን የጧፍ ያህል ብቻ ናት ብለው ፈቀዱላት።

ከእኔ ልጅ ያነሰ ሕፃን ላላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ለመውደቂያ የሚሆን ለስላሳ ነገር ለመኝታ አይሆንም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፥ ጠንከር ባለና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፥ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ መተኛት ይገባዋል፤ ለስላሳው ነገር ፊቱን ሸፍኖ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላልና። በወለሉ ላይ እየተጫወተ እንቅልፍ ቢወስደው አንሥቶ ወደ አልጋው መመለስ ነው።

ዝተቱ በየቅዳሜው ወጥቶ ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ፀሓይ ስለማትገኝ ሁለተኛ መለወጫ ያስፈልጋል ሲሉ እናቴ ወደ መንዝ ለእኅታቸው ልከዋል፤ በጉም ተሸልቷል የሚል መልስ መጥቷል፥ ዋጋው ግን ገና አልተነገረኝም።