ከፍ ያለውን በር ለሚያንኳኩ

መስከረም በጠባ ቍጥር ከምናስተምራቸው ልጆች ጥቂቶቹ አሜሪካ አገር ለሚገኘው ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለማመልከት አስበው ወደ እኛ ይመጣሉ። የሚጠይቁንም ዘወትር ሦስት ነገር ነው፤ የድኻ ልጅ ይገባልን? ዘመድ ያስፈልጋልን? ምን ብንጽፍ ደስ ይላቸዋል?

ለፊተኞቹ ሁለቱ መልሱ አጭር ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ተቋም የውጭ አገር ተወላጅንም ቢሆን ሲመርጥ የገንዘብ አቅሙን አይመለከትም፤ ለተቀበለውም ከቤተ ሰቡ አቅም በላይ የሆነውን ይሸፍንለታል። ወላጆቹ በዚያ መማራቸውም ለአመልካቹ ብልጫ አይሆነውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ያሳስበናል። የአባቱን ሱቅ እየጠበቀ የሚያጠና ልጅ ይህን እንደ ነውር ይሸሽግና ከሌላ የተዋሰውን ታሪክ ያስጌጣል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ መርማሪዎቹም ሊያውቁ የሚሹት ያንኑ የሸሸገውን ኑሮ ነው።

ነገሩ እኛን መምህራንንም ይነካል። አንድ የሒሳብ ወይም የሳይንስ፣ አንድም የቋንቋ ወይም የታሪክና የመሳሰለው መምህር ስለ ልጁ እንዲመሰክሩ ይጠየቃሉና። «ትጉህና ጨዋ ነው» የሚለው ቃል ለሁሉ ስለሚስማማ ማንንም ከማንም አይለይም። አንድ ጥያቄ ሲከብደው ልጁ እንዴት እንደ ታገለው ለመጻፍ፣ አስቀድሞ ልጁን ማወቅ ግድ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ተቀባይነት ያገኙት ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ በሩ ያልተከፈተለት ልጅ ከሰው ያነሰ አይደለም፤ ይህንንም ወላጆችና መምህራን መልሱ ከመምጣቱ አስቀድመን ልንነግረው ይገባናል።