የተራኪው ድምፅና የተናጋሪዎቹ ድምፅ

መጽሐፍን ለሌላ የሚያነብ ሰው በአንድ አፍ የብዙ ሰዎችን ነገር መናገር ግድ ይሆንበታል። ታሪኩን የሚተርከው አንድ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የሚነጋገሩት ግን ንጉሥና አገልጋይ፥ ሽማግሌና ሕፃን፥ ባልና ሚስት ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ ድምፁን ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረገ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ሰሚውም ማን እንደ ተናገረ ሳይጠይቅ ያውቃል። ዛሬ ይህ ሥራ ጽሑፍን ወደ ንግግር ለሚለውጠው ኮምፒዩተር ደርሷል፤ ለተራኪው አንድ ድምፅ፥ ለእያንዳንዱም ተናጋሪ የየራሱን ድምፅ መስጠት ይቻላል። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ድምፅን የሚያድል ሰው ምን ያህል ሥልጣን በእጁ እንደ ያዘ በአንድ ቤት ከሆነው ነገር መረዳት ይቻላል።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው በቅኔ ቤት የተማሩ፥ በኋላም ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ያገለገሉ ናቸው። በእርጅናቸው ጊዜ ዓይናቸው ጠፋ፤ ከዚያም ወዲህ ባለቤታቸው ማታ ማታ መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። ባለቤታቸው በሞቱ ጊዜ ግን ዓይናቸው ሁለተኛ የጠፋ ያህል ሆነባቸው። ልጃቸው የሒሳብ ሠራተኛ ነውና ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ ደክሞ ይገባል። አባቱ ያለ መጽሐፍ እንዳይቀመጡ ብሎ በኮምፒዩተር እያስነበበ ያሰማቸው ጀመረ።

መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አስነበበ። ሽማግሌው ጥቂት ቀን ሰምተው፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው አነባበቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚለምነውና የሚከለክለው አንድ ሰው ሆኑብኝ» አሉ። ልጁም መፍትሔ ፈለገና አገኘ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ዓመት የድረ ገጽን ሥርዓት የሚወስነው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ማኅበር ለዚህ ሥራ የሚሆን የምልክት ደንብ አውጥቶ ነበር። በደንቡ መሠረት በጽሑፉ መካከል የማይነበቡ ምልክቶች ይገባሉ፤ እነርሱም ከዚህ እስከዚህ ያለው በየትኛው ድምፅ እንዲነገር፥ ፍጥነቱና ከፍታው ምን ያህል እንዲሆን፥ የት ላይም ዕረፍት እንዲደረግ ለኮምፒዩተሩ ይነግሩታል።

ይህን ሲያስረዳቸው ሽማግሌው ሣቁ። «ይህማ በመጽሐፈ ቅዳሴ ያለ ነው» አሉ። «ይ.ካ. ሲል ካህኑ ይበል ማለት ነው፤ ይ.ዲ. ሲል ዲያቆኑ፥ ይ.ሕ. ሲል ሕዝቡ። ምልክቱን ማንም በዜማ አይለውም፤ ሁሉ ግን በእርሱ ተራውን ያውቃል።»

ልጁ ምልክቱን በእጁ ማስገባት ቢሰለቸው «አለ» ወይም «አለች» የሚል ቃል ባለበት ሁሉ ኮምፒዩተሩ ራሱ ድምፅ እንዲለውጥ አዘዘው። ከዚህ ላይ የአማርኛ ጠባይ አሳፈረው። በአማርኛ የተናገረው ሰው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ «መጣሁ ብላ ተነሣች» ሲባል ሴት መሆንዋን የምንሰማው ቃልዋ ካለፈ ወዲያ ነው። ሰው ሲያነብ ዓይኑ ከአፉ ይቀድማልና አስቀድሞ ይዘጋጃል። ደግሞም በአማርኛ «አለ» የሚባለው ለሚናገር ብቻ አይደለም። በአንድ ተረት ውስጥ «በሩ አልከፈት አለ» የሚል ነበረና ኮምፒዩተሩ ለበሩ የጎልማሳ ድምፅ ሰጠው። ሽማግሌው ከሐዘናቸው ወዲህ እንደዚያ ሥቀው አያውቁም ነበር። ልጁም ቋንቋን የሚያውቅ ሰው ሳያየው ድምፅ ማደል እንደማይቻል ተረድቶ ምልክቱን እንደ ገና በእጁ ማስገባት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አባቱ የሚወዱትን መጽሐፈ ኢዮብን መረጠ። በዚህ መጽሐፍ የሚናገረው ሰው ስም ከንግግሩ በፊት ይጠራልና ለሥራው ይመቻል፤ ተናጋሪዎቹም ብዙ ናቸው። በእጁ የነበሩት የአማርኛ ድምፆች ግን ማይክሮሶፍት ያወጣቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ወንዱ አምሀ፥ ሴቲቱ መቅደስ ይባላሉ። አንዱን የወንድ ድምፅ ከፍና ዝቅ፥ ፈጠንና ዘግየት እያደረገ ለተራኪው፥ ለኢዮብና ለወዳጆቹ አካፈለው። ለኤልፋዝ፥ ለበልዳዶስና ለሶፋር የሚያስጠላ ቀጭንና ችኩል ድምፅ ሰጣቸው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወዲያው አስቆሙት። «ለእነዚህ ሰዎች አስቀድመህ ፈረድህባቸው» አሉ። «የሚናገሩት ከሩቅ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ የኢዮብም መከራ አንዱ ይህ ነው። እግዚአብሔር የወቀሳቸው በመጨረሻ ነው፤ አንተ ግን አፋቸውን ሲከፍቱ ወቀስሃቸው። ሰሚው ራሱ ይመዝን ዘንድ እንደ ደኅና ሰው አናግራቸው።» ልጁም እንደ ታዘዘ አደረገ።

በዚያው ሰሞን ልጁ ስለዚህ ጥበብ ታሪክ ሲያነብ ዴኒስ ክላት ስለ ተባለ አሜሪካዊ ሊቅ አገኘ። ይህ ሰው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ በ1980ዎቹ ዴክቶክ ለተባለው የንግግር መሣሪያ መሠረት የሆነውን ጥበብ አወጣ። ለመሣሪያው ድምፆች ምሳሌ ያደረገው ቤተ ሰቡን ነው፤ የወንዱን ከራሱ፥ የሴቲቱን ከሚስቱ፥ የሕፃኑን ከልጁ ወሰደ። እርሱ ራሱ ታሞ ድምፁ እየደከመ ሄደና በ1988 ዓመት ሞተ። የፊዚክሱ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ግን መናገር ከተሳነው በኋላ ከክላት ሥራ በተገኘው ድምፅ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 2018 ዓመት፥ ተናገረበት፤ የተሻለ ድምፅ ሲቀርብለትም ይህ የእኔ ነው ብሎ አልለወጠውም።

ይህ ታሪክ የልጁን ልብ ነካው። የቀረው የኢዮብ ሚስት ድምፅ ነበረና የሴቲቱን ድምፅ ጥቂት ዝቅ፥ ጥቂትም ዘግየት አደረገው፤ ብዙ ሌሊት ከደከመበት በኋላ የእናቱን አነጋገር መሰለው። አባቴን ደስ አሰኛለሁ ብሎ ነበር። ነገር ግን የኢዮብ ሚስት የምትናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ባልዋን አምላክህን ስደብና ሙት የሚል ነው።

በማግሥቱ ማታ ሽማግሌው ይህን ቃል በሚስታቸው ድምፅ ሰሙ። እጃቸው በመቋሚያቸው ላይ ቀረ። ልጁ አጠፋሁ ብሎ ኮምፒዩተሩን ዘጋና፥ «አባቴ፥ ይማሩኝ፤ እርስዎን ላስደስት ብዬ ነው» አለ።

እርሳቸውም ብዙ ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉ። «እናትህ አርባ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖር እንዲህ ያለ ቃል ከአፍዋ አልወጣም። ዓይኔ በጠፋ ጊዜ እንኳ። የሌላ ሰው ቃል በአፍዋ አታግባባት፤ ሙት መልስ መስጠት አይችልምና። ለኢዮብም ሚስት የክፉ ሴት ድምፅ አትስጣት፤ የሞቱት ዐሥሩ ልጆች የእርስዋም ልጆች ናቸው።»

ልጁም፥ «እንግዲያስ ይህን ድምፅ ልደምስሰው?» አለ።

«አትደምስሰው» አሉ። «እርስዋ አለመሆንዋን አውቃለሁ። ነገር ግን ማንበብ ሥራዋ ነበረ። ኢዮብንም፥ ወዳጆቹንም፥ ሁሉንም ታነብልኝ ነበር፤ የማንንም ቃል ግን የራስዋ አላደረገችውም። ተራኪ እንዲህ ነው፤ የሁሉን ቃል ይሸከማል እንጂ የማንም ቃል በእርሱ ላይ አይቈጠርበትም። ተራኪውን በእርስዋ ድምፅ አድርገው።»

ልጁ አንድ ነገር ብቻ ጨምሮ ጠየቀ። «እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገር በምን ድምፅ ይሁን?» ሽማግሌው፥ «ለእርሱ ድምፅ አትሥራ። ጥቂት ዕረፍት አድርግና ተራኪው ያንብበው» ብለው መለሱ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ በዚያ ቤት መጽሐፉ እንዲሁ ይነበባል። የኢዮብ ሚስት መቅደስ በተባለው ድምፅ፥ ምንም ሳይለወጥ፥ ቃልዋን ተናግራ ታልፋለች፤ ሦስቱ ወዳጆች እንደ ደኅና ሽማግሌዎች ይመክራሉ። እግዚአብሔር ከሚናገርበት ስፍራ ሲደረስ የአራት ሰኮንድ ዝምታ ይሆናል፤ ከዚህም በኋላ ያ ዝቅ ያለና የማይቸኩል የሴት ድምፅ ንባቡን ይቀጥላል። ሽማግሌውም በዝምታው ጊዜ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።